ካፒታኖውን በባላ ደግፌ ያነሣሁት ፎቶግራፍ

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንስማማ፤ እኔ ጎበዝ ፎቶግራፍ አንሺ አልነበርኩም። ይህን የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። ትሕትና እኔ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ባለቤቴ አስካለ ምስክር ናት። የምለው ሰዉ ወሬውን እያዛባ ስላስቸገረኝ ነው። ጉለሌ ውስጥ ስለዚያ ፎቶግራፍ በተነሣ ቁጥር ግማሹ «ድሮም አውቆ ነበር የሚያበላሸው፣ የውስጥ አርበኛ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ምኑን አወቀው፣ በስሕተት ተሳካለት እንጂ» ይላል። ሁለቱም ውሸታቸውን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ አርባ ፎቶግራፎች ያበላሸሁት በገዛ ድንቁርናዬ ነው፤ ማንም እንዲካፈለኝ አልፈልግም። የመጨረሻውን ግን አውቄ ነው ያበላሸሁት፤ እሱንም ማንም እንዲነጥቀኝ አልፈቅድም።

ካሜራውን ያገኘሁት ከአርመኑ አሠሪዬ ከሙሴ ካርኒክ ነው። አራዳ ፎቶግራፍ ቤት ነበራቸው፤ እኔም እዚያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ምን ትሠራ ነበር ለሚለኝ ሁሉ «ፎቶግራፍ ነዋ!» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ወለል እጠርግ፣ ጥቁሩን ጨርቅ አራግፍ፣ ሕፃናት ሊነሡ ሲመጡ ደግሞ እንዲሥቁ እንደ አውራ ዶሮ እጮህ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ሙሴ ካርኒክ ሱቃቸውን ዘጉና ደህና ደህናውን ዕቃ ጭነው ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ያረጀውን ባለ ሦስት እግር ካሜራ ፎቶግራፍ ከሚታተምበት ጥቂት መስታወትና ከማጠቢያ መድኃኒቱ ጋር ለእኔ ተዉልኝ። ሲሰናበቱኝ «ሞላው ደክሟል፣ ተጠንቀቅ» አሉኝ። እኔም እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

የዚያን ዘመን ካሜራ ላላያችሁ ልንገራችሁ። ከፊቱ አንዲት ዐይን አለችው፤ ትከፈታለች፣ ትጨፈናለች። በተከፈተችበት ጊዜ ያየችውን ሁሉ ከኋላ ያለው መስታወት ላይ ታትመዋለች። ቶሎ ከጨፈነች የሚሮጥ ፈረስ እንኳን ቆሞ ይወጣል። ዘግይታ ከጨፈነች ግን በዚያ መሀል የተንቀሳቀሰ ሁሉ እርስ በርሱ ይደባለቃል። የእኔዋ ሞላዋ ስለደከመ አንዴ ከተከፈተች በኋላ የምትጨፈነው ደስ ሲላት ነበር። ይህን ሁሉ ግን ያወቅሁት ከተዋረድኩ በኋላ ነው።

ጉለሌ ቤቴ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩ። በአማርኛ ብቻ ጽፌ ብተወው ኖሮ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ምን በወጣኝ! የፈረንጅ ፊደል ካልጨመርኩበት ፎቶግራፍ አንሺ የሆንኩ አልመስልህ አለኝ። ፊደሉን ስለማላውቀው ከአንድ ባዶ የጣሊያን ቆርቆሮ ላይ አስመስዬ ገለበጥኩት። ሁለት ወር ሙሉ ወታደሮች እየመጡ በሬን ይደበድባሉ፣ የሚሉት አይገባኝም፣ ካሜራውን ሳሳያቸው እየተራገሙ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የሰፈሩ የጣሊያን አዛዥ የካፒታኖው አስተርጓሚ በዚያ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየውና «አንተ ሰውዬ፣ የቲማቲም ድልህ ትሸጣለህ እንዴ?» አለኝ። ይህ አስተርጓሚ የእኛው አገር ሰው ነው፤ ለጣሊያን ስላደረ ሰፈሩ ሁሉ ሲያየው ፊቱን የሚያዞርበት ነበር። ያን ቀን ግን ሥቆ ሥቆ ሲያበቃ ሰሌዳውን በገዛ እጁ አስተካክሎ ጻፈልኝ። ካፒታኖው ጉለሌ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺ እንዳለ ያወቀውም በዚሁ ሰሌዳ ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ነበሩ። ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን ከጠላቸው ይበረታል። የክት ልብሳቸውን ለብሰው ግቢዬ ውስጥ ወንበር ላይ ተሰየሙ። እኔም ጨርቁ ውስጥ ገባሁና «እንዳይተነፍሱ!» ብዬ ዐይኗን ከፈትኩ። ይህን ጊዜ አማቴ እማማ ጥሩነሽ በአጥሩ በር ብቅ አሉ።

«ኖር!» አሉ እትዬ በለጡ ብድግ ብለው።

«በእግዜር! ኧረ አይነሡ፣ በሞቴ!»

«ምን ሲደረግ! እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ይቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጡ። አማቴ ግን የልጆቹን ጤና ሲጠይቁ እንደገና ብድግ፣ የከብቶቹን ጤና ሲጠይቁ እንደገና ብድግ። ዐይኗ ተከፍታ ቀርታለች፤ እኔ ጨርቁ ውስጥ ሆኜ ብጫናት ብቆነጥጣት አልጨፈን አለች። መስታወቱን ሳጥበው ወንበሩ አንድም ሳይጎድል ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ወንበሩ ላይ ያለው ግን ሦስት ራስ ነበረው።

«ሦስት ራስ!» አሉ እትዬ በለጡ ፎቶግራፉን ይዘው አደባባይ ወጥተው። «አንዱን ተሸክሜ መኖር አቅቶኝ ሦስት ሰጠኝ! እናንተዬ፣ ተመልከቱልኝ!»

ሰዉ ተመለከተላቸው። ያም ሆኖ በሳምንቱ ሙሽሮች አነሣሁ። ፎቶግራፍ አየሁ ባይ ሽማግሌ ሁሉ እየመጣ፣ ሙሽራው እየተነሣ «ኖር!» ሲል፣ ሚዜው ሲያጎነብስ፣ ሙሽራዋ ጉልበት ስትስም፣ መጨረሻ ላይ የወጣው ባለ አራት እጅ ሙሽራና ራስ የሌለው ሚዜ ነው። የሙሽራዋ አባት ዱላ ይዘው ፈለጉኝ። ሦስት ቀን እቤቴ ተደብቄ ስሰነብት ደሜ ፈላ። እንዴት ያለ አገር ነው? ሰው እንዴት ሩብ ደቂቃ አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል? ሰዉን ማረም አልችልም፤ እንግዲያው ካሜራዋን አጠናታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ሞላውን ነቅዬ ጣልኩትና ዐይኗን በጣቴ መክፈትና መጨፈን ጀመርኩ። ሰዓት ስላልነበረኝ የምለካው በጸሎት ነው። ለፈጣኑ «በስመ አብ»፤ ለመካከለኛው «አቡነ ዘበሰማያት» በጥድፊያ፤ ለረጅሙ ያንኑ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደብተራ። ብርሃኑ በዝቶ መስታወቱን እንዳያቃጥለው ደግሞ የዐይኗን ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ እስክትመስል ድረስ አጠብባታለሁ። በዚህ ዘዴ ያላነሣሁት የለም። ዶሮ አነሣሁ፣ የእትዬ በለጡን አህያ አነሣሁ፤ ጅራቷ ብቻ ጠፋ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች አነሣሁ፤ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ሴቶቹ እንደ ጅረት ፈሰው ወጡ። አንድ ቀን ነፋስ ሲነፍስ ባሕር ዛፉን አነሣሁት። ግንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ቅጠሉ ሁሉ ግን እንደ ጭስ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ፎቶግራፍ ይዤ ምሳዬ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ መሥራቴን ማመን አቃተኝ።

ከዚያ አስካለን አነሣኋት። እሷ ግቢውን እየጠረገች ስትመላለስ እኔ በዝግታ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ሁለት ጊዜ ደገምኩ። ፎቶግራፉ ሲወጣ ግቢው አለ፣ አጥሩ አለ፣ እንስራው አለ። አስካለ የለችም። እንደ ጎበዝ ተማሪ እየሮጥኩ ወስጄ አሳየኋት።

«የታለሁ?» አለችኝ።

«የለሽም! ጉዱ እኮ እሱ ነው!»

«ቀኑን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ስጠርግ ውዬ፣ የለሽም?»

«እ... ማለቴ፣ ስለተንቀሳቀስሽ ነው። የቆመ ይቀራል፣ የሚንቀሳቀስ ይጠፋል።»

«እንግዲያው አንተ ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አትጠፋም» ብላኝ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

እስከዚህ ያለው ቀልድ ነው። ቀልዱ ያበቃው አያልነህ የመጣ ጊዜ ነው። አያልነህ የአስካለ ወንድም ነው፤ እማማ ጥሩነሽ ያላቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ጫካ ውስጥ ላሉት አርበኞች መልእክትና ጥይት የሚያደርስ ሰው ነበር። እማማ ጥሩነሽ በጠና ታመው እኛ ቤት ተኝተዋል መባሉን ሰምቶ፣ ለአንድ ቀን ብሎ ቁልቁል ወረደ። በዚያው ቀን ካፒታኖው ሰፈሩን በወታደር አስከበበው።

አንድ ጠቋሚ ተገኝቷል አሉ። ጥይት አመላላሹን በመልኩ ያውቀዋል፣ ስሙን አያውቅም። ሰፈር ገብቶ እንዳይጠቁም ደግሞ ነፍሱን ይፈራል። ስለዚህ ካፒታኖው አንድ ዘዴ አገኘ፦ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ሰብስቦ ፎቶግራፍ ማስነሣት፣ ፎቶግራፉን ለጠቋሚው ማሳየት፣ ጣቱ ያረፈበትን ሰው መስቀል። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ ዐይኔን አላየኝም። «የካምፑ ፎቶግራፍ አንሺ ታሟል። አንተ ታነሣለህ። ጧት ሦስት ሰዓት፣ ተዳፋቱ ላይ። ከተበላሸ ደግሞ አንተኑ ነው የሚሰቅለው» አለኝና ሄደ።

ቤት ለቤት ፍተሻ ስለነበር አያልነህን መደበቅ አልተቻለም። ጧት ከሰዉ ጋር አብረው ነዱት። እኔ ካሜራውን ተሸክሜ ልወጣ ስል አስካለ በሩ ላይ ቆመች። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ዐይኗ አብጧል።

«እኔን ከገዛ ግቢዬ ያጠፋህበትን ነገር» አለችኝ፣ «ለወንድሜ አድርግለት።»

«እሱማ መንቀሳቀስ አለበት! ለብቻው ከተንቀሳቀሰ ይታወቅበታል፤ ሰዉ ሁሉ መንቀሳቀስ አለበት። የተንቀሳቀሰ ይገረፋል ተብሏል፤ ማን ደፍሮ ይነሣል?»

አስካለ ጥቂት አሰበችና ወደ ጓዳ፣ ወደ እናቷ አልጋ ገባች። እናቷን ልትልክ እንደሆነ ገባኝ፤ ምን እንዳለቻቸው የሰማሁት ግን በኋላ ነው። «እማዬ፣ ተነሺ። ወንዶቹ ተዳፋቱ ላይ ተቀምጠዋል። በየተራ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። አያልነህን ግን እንዳታውቂው።» ብላቸው ኖሯል።

ተዳፋቱ ላይ ስደርስ ስልሳ ያህል ወንድ በሦስት ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጧል። አያልነህ መሀል ላይ ነው፤ ከጀርባው የእንጨት አጥር አለ። ካፒታኖው ጫማው እንደ መስታወት አብረቅርቆ፣ ጢሙ ተቀብቶ፣ ከሁሉ ፊት ቆሟል። ሊነሣ ነው! ሰው ሊሰቅል ያሰናዳው ፎቶግራፍ ላይ ራሱ መሀል ሊገባ ነው! በዚህ ጊዜ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። የካፒታኖው ጢም ጠርቶ ከወጣ ካሜራው ተበላሸ የሚለኝ ማን ነው?

«ለጌታዬ ንገርልኝ» አልኩት አስተርጓሚውን። «የዛሬው ብርሃን ደካማ ነውና ዐይኗ ብዙ ትቆያለች። ጌታዬ ትንሽ እንኳን ንቅንቅ ካሉ ጢማቸው አይወጣም። ወታደር ናቸውና እንደ ሐውልት እንዲቆሙልኝ፤ ዞረው እንዳያዩ፣ እንዳይናገሩ።» ከዚያ ሄድኩና አንዱን ባላ እንጨት ከአጥሩ ነቅዬ አመጣሁ። ሙሴ ካርኒክም የሰው አንገት እንዳይወዛወዝ ድጋፍ ያደርጉ ነበር፤ የሳቸው ግን ብረት ነው። እኔ ባላውን ከካፒታኖው ኋላ ተከልኩና ማጅራቱን መንታው ላይ አስደገፍኩት። ከፊት ሲያዩት ጄኔራል ይመስላል። ከኋላ የተቀመጡት ስልሳ ወንዶች ግን ያዩት በባላ የተደገፈ ካፒታኖ ነው። አንዱ ሣቁን ሲያፍን አፍንጫው ጮኸ።

የዐይኗን ቀዳዳ አጠበብኩ። መንገዱን አየሁ፤ ማንም የለም። ልዘገይ አልቻልኩም፤ ከፈትኩ። «አቡነ ዘበሰማያት...» በሆዴ ጀመርኩ። ሰዉ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ጉለሌ ተፈጥሮ እንዲህ አርፎ ተቀምጦ አያውቅም! የሙሽሮቹ ቀን ይህን ቢያደርጉልኝ ምን ነበረበት? ልጨፍናት ጣቴን ስሰነዝር ከላይ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ እማማ ጥሩነሽ በምርኩዝ እየተንቀጠቀጡ ብቅ አሉ።

ማንም አልተነሣም። ጅራፍ የያዙ ወታደሮች በዳር ቆመዋል። እማማ ጥሩነሽ ረድፉ ጫፍ ደርሰው ቆሙ። አበቃልን አልኩ። ያን ጊዜ አቶ ደጀኔ፣ የእትዬ በለጡ ባል፣ በዕድሜው ሙሉ ሚስቱ ፊት ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር! አይነሡ ልጆቼ!»

ከዚያማ ማን ይመልሰው! ረድፉ ሁሉ እንደ ባሕር ዛፍ ተነቃነቀ። «ኖር! ኖር!» «በሞቴ ተቀመጡ!» «እንዴት ሰነበቱ? ተሻለዎ?» «ይመስገን፣ እናንተ ደህና ናችሁ?» አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሣል፣ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ጉልበት ይስማል። በዳር ቆሞ የካፒታኖውን ትእዛዝ የሚጠብቀው ባንዳ ወታደር እንኳን፣ ጠመንጃውን እንደያዘ፣ ሳያስበው ጎንበስ አለ። ካፒታኖው ከባላው ላይ አንገቱን ሳያነቃንቅ ዐይኑን ብቻ እያንከባለለ በጥርሱ መሀል አንድ ነገር አጉረመረመ። አስተርጓሚውም ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ በጣሊያንኛ መለሰለት። በኋላ ጠይቄዋለሁ። «ስለ ጌታዬ ጤና እየጸለዩ ነው፤ ጌታዬ አይነቃነቁ» ነበር ያለው። ከዚያ ጀርባውን ለሰዉ ሰጥቶ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ጀመረ፤ ምንም ያልተፈታ ማሰሪያ!

እማማ ጥሩነሽ አያልነህ ጋ ደረሱ። እኔ ጸሎቴን ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሬ የት እንደደረስኩ ጠፋብኝ። አያልነህ ተነሣ፣ መሬት እስኪነካ አጎነበሰ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ተነሣ፣ ደግሞ አጎነበሰ። እሳቸውም ማንነቱን እንደማያውቁት ሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ» አሉትና ወደሚቀጥለው አለፉ። ዐይኗን ጨፈንኩ።

ጓዳዬን አጨልሜ መስታወቱን ሳጥብ መጀመሪያ የወጣው የካፒታኖው ጫማ ነው። ከዚያ ቁልፎቹ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ጢሙ፤ ፀጉር በፀጉር! ከኋላው ግን ጉም ብቻ ነው። የእማማ ጥሩነሽ እግዜር ይስጥልኝ ስልሳ ሰው አጠፋ። ብቻዬን ጓዳ ውስጥ ዘለልኩ፤ ራሴን ከቆጡ ጋር አጋጨሁት፣ እሱም አልተሰማኝም።

በማግሥቱ ካፒታኖው ፎቶግራፉን ተቀብሎ አፈጠጠበት። የሚያየው ራሱን ነው። ፈገግ አለ፣ ራቅ አድርጎ አየው፣ ጠጋ አድርጎ አየው። በመጨረሻ በአስተርጓሚው «ሰዎቹስ?» አስባለ።

«ጌታዬ» አልኩት እጅ ነስቼ፣ «ወታደር እርስዎ ብቻ ነዎት። አርፎ መቆም የቻለ ሌላ አልነበረም።»

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉምለት ከእኔ አማርኛ ይልቅ ረዘም አደረገው። ካፒታኖው ራሱን በኩራት ነቀነቀ። ጠቋሚውም ፎቶግራፉን አፍንጫው ላይ ለጥፎ «ይሄ... ደመና ነው?» ብሎ ጠይቆ ተባረረ አሉ። እንደገና ይነሣ መባሉ አልቀረም ነበር። ግን የሁሉም መልክ ተይዟል ተብሎ ከበባው በተነሣንበት ቀን ማታ ተነሥቶ ነበርና አያልነህ ሌሊቱን እንጦጦን ተሻግሮ አድሯል። ካፒታኖውም ከእኔ የፈለገው ሌላ ነገር ሆነ፤ ለእናቱ፣ ለእኅቶቹና ለአለቆቹ የሚልከው የዚያው ፎቶግራፍ ስምንት ግልባጭ! ስምንቱንም በደስታ አተምኩለት፤ ዘጠነኛውን ለራሴ አስቀረሁ።

ጣሊያን ወጥቶ ሰዉ ሲሰበሰብ ዘጠነኛውን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩት። ያላየው የለም። አቶ ደጀኔ በየሳምንቱ እንግዳ እየያዘ ይመጣና «ይሄ መጀመሪያ የተነሣው ጭስ እኔ ነኝ» ይላል። እትዬ በለጡ እንኳን ሦስት ራሳቸውን ይቅር ብለውኛል።

አያልነህም ከጫካ ተመለሰ፤ ጎፈሬው ተንዠርግጎ፣ ከስቶ፣ ግን በእግሩ እየሄደ። በመጣበት ቀን እማማ ጥሩነሽን እጃቸውን ይዘን ፎቶግራፉ ፊት አቆምናቸው። ዐይናቸው ደክሟል። «የቱ ጋ ነው ልጄ?» አሉኝ። ፈለግሁ። እንደ እሱ ያጎነበሰ አልነበረምና ጭስ እንኳን አልተረፈለትም፤ እሱ ባለበት ቦታ የሚታየው ከኋላው ያለው አጥር ብቻ ነው። ጣታቸውን ይዤ አጥሩ ላይ አሳረፍኩላቸው።

እማማ ጥሩነሽ ጠጋ አሉና አጥሩን ሳሙት። ደግመው ሳሙት። እንባቸው በመስታወቱ ላይ ወረደ።

«እማዬ» አለ አያልነህ ከኋላቸው፣ «እኔ እዚህ ቆሜ አጥር ትስሚያለሽ?»

«ዝም በል!» አሉት ሳይዞሩ። «አንተን ያተረፈልኝ ይሄ ነው።»